ጨጓራ መስሎ የሚመጣ የኩላሊት ድክመት

  በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ አምዳችን ስለ ኩላሊት እንማማራለን። ትምህርቱን የምንጀምረው ግን ከጨጓራ ነው። ምክንያቱን እያነበባችሁ ስትሄዱ ትረዱታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።

ዲላ ውስጥ ከመድኃኒት መደብር ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ የሚሰማቸው ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ “ጨጓራዬን”፣ ሌላው “ኩላሊቴን” የሚሉት ናቸው። “ኩላሊቴን አመመኝ” የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ሲመረመር ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የጡንቻ ወይም የጀርባ አጥንት ሆኖ ይገኛል። ኩላሊቱ በእርግጥ እየደከመ ያለው ሰው ደግሞ ወገቡን ምንም ሳያመው፣ “ጨጓራዬ አስቸገረኝ” እያለ ሊመጣ ይችላል።

ከዓመታት በፊት ከገጠር ለገበያ ዲላ የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። በመጡ ቁጥር ባዶውን ማሸጊያ ያሳዩኝና “ልጄ፣ ያንኑ የጨጓራዬን ስጪኝ” ይሉኛል። ኦሜፕራዞል ነበር። “አጥንቴንም ይቆረጥመኛልና የቁርጥማቱን ጨምሪበት” ይላሉ፤ ዳይክሎፌናክ እጨምርላቸዋለሁ። የስኳር ሕመም ስለነበረባቸው ግሊቤንክላሚድም ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን ፊታቸው ገርጥቶ፣ ደረጃ ወጥተው ቁና ቁና እየተነፈሱ መጡ። ግን ደስ ብሏቸው ነበር። “አልሐምዱሊላህ፣ ስኳሩ እንኳ እየለቀቀኝ ነው። አሁን ግማሽ ክኒን ብወስድም ይወርድልኛል” አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ደስ አለኝ።

ሁሉንም ነገር ለየብቻ ነበር ያየሁት። ጨጓራውን ለብቻ፣ ቁርጥማቱን ለብቻ፣ መገርጣቱን ለብቻ፣ ስኳሩን ለብቻ። ከጥቂት ወራት በኋላ ማስመለሱና ስቅታው አልቆም ብሏቸው ሆስፒታል ሲገቡ የሁሉም ምንጭ አንድ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ ሊያቆሙ ተቃርበው ነበር። ቤተሰቡ ቡናውን ሸጦ ለሕክምና ቢንከራተትም ብዙ አልቆዩም። አላህ ይዘንላቸው። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። አራት የተለያዩ የሚመስሉ ሕመሞች ከአንድ ቦታ እንዴት እንደሚመጡ እናንተ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ኩላሊት ማጣሪያ ብቻ ነውን?

ኩላሊቶቻችን ከጎድን አጥንታችን በታችኛው ጫፍ፣ በጀርባ በኩል ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ ያህላሉ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ነፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ሞልተን ብንደረድር ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነው ብቻ ነው። የቀረው ተመርጦ ወደ ደም ይመለሳል። ሱብሓነላህ!

ብዙ ሰው ኩላሊትን የሚያውቀው በዚህ በማጣራት ሥራው ነው። ኩላሊት ግን ሁለት ሌሎች ሥራዎች አሉት። አንደኛ፣ ራሱ ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየተጓዘ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ትእዛዝ የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ሌሎች አካላት ያመረቷቸው ሆርሞኖች ሥራቸውን ሲጨርሱ ከደም ውስጥ ያነሣቸዋል። ስለዚህ ኩላሊት ሲደክም ከሆርሞኖች አንዳንዶቹ ይጎድላሉ፣ አንዳንዶቹ ይከማቻሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሚዛናቸው ይዛባል። በየተራ እንያቸው።

1ኛ. የሚጎድሉ ሆርሞኖች

ኩላሊት ኢሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። የዚህ ሆርሞን ትእዛዝ የሚደርሰው ወደ አጥንት መቅኒ ሲሆን፣ መልእክቱም “ቀይ የደም ሕዋስ አምርት” የሚል ነው። ኩላሊት ሲደክም ትእዛዙ ይቀንሳል፣ መቅኒውም ሥራውን ያቀዘቅዛል። ውጤቱ የደም ማነስ ነው። ፊት ይገረጣል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ትንሽ መንገድ ትንፋሽ ያሳጥራል። እንዲህ ያለው ደም ማነስ ጉበትና ቀይ ሥር በመብላት ብቻ አይመለስም፤ የጎደለው ምግቡ ሳይሆን ትእዛዙ ነውና። ይህን ሆርሞን በመርፌ መተካት የተቻለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 ወዲህ ነው።

ሁለተኛው ቫይታሚን ዲ ነው። ከፀሐይና ከምግብ የምናገኘው ቫይታሚን ዲ የመጨረሻውን ዝግጅት አግኝቶ ለሥራ ብቁ የሚሆነው በዋናነት ኩላሊት ውስጥ ነው። ይህ ሲጎድል አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን በበቂ መጠን መውሰድ ያቅተዋል።

2ኛ. የሚከማቹ ሆርሞኖች

ኢንሱሊን የሚመረተው በጣፊያ ሳይሆን ቆሽት በሚባለው አካል ነው። ከደም ውስጥ ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ግን ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ግሊቤንክላሚድን የመሰሉ የስኳር ክኒኖችም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛው ስኳር “ራሱን ችሎ” የወረደ ይመስላል። ያ አባት የተደሰቱበት ነገር ይህ ነበር። ውድ አንባብያን፣ የምግብ ልማዱን ሳይለውጥና ክብደት ለመቀነስ ሳይጥር መድኃኒቱ በድንገት የበዛበት የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ከምስጋናው ጋር የኩላሊት ምርመራም ያድርግ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየበትም ስኳሩ ከመጠን በላይ መውረዱ ነውና ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሌላው ጋስትሪን ነው። ጋስትሪን ጨጓራ ራሱ የሚያመርተው፣ “አሲድ ይመረት” ብሎ የሚያዝዝ ሆርሞን ነው። ይህንንም ከደም የሚያስወግደው በአመዛኙ ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊት ሲደክም ጋስትሪን ይከማቻል። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞንም በተመሳሳይ መንገድ ይከማቻል። በዚህና በሌሎች የሆርሞን መዛባቶች ምክንያት በሴቶች ላይ የወር አበባ መዛባትና መፀነስ አለመቻል፣ በወንዶች ላይም በትዳር ውስጥ ድካም ሊከሰት ይችላል። ባልና ሚስት ይህን በመካከላቸው የፍቅር መቀዝቀዝ አድርገው ሲያዝኑበት ይታያል። ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም።

3ኛ. ሚዛናቸው የሚዛባ ሆርሞኖች

በአንገታችን ውስጥ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ሥራቸው በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ኩላሊት ሲደክም በአንድ በኩል ቫይታሚን ዲ ይጎድላል፣ በሌላ በኩል ፎስፌት የሚባለው ማዕድን ከሰውነት መውጣት ያቅተዋል። ካልሲየም ይቀንሳል። ዕጢዎቹም ይህን ሲያዩ ሆርሞናቸውን አብዝተው በመልቀቅ ካልሲየምን ከአጥንት ላይ ይወስዳሉ። አጥንት ይሳሳል፣ ይቆረጥማል። ታማሚው ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ ይገዛል። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። እንዲህ እያለ ክቡ ይዞራል።

ኩላሊት የሚያመነጨው ሬኒን የደም ግፊትን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። የተጎዳ ኩላሊት ሬኒን ያለ ልክ ሊለቅና ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ከፍተኛ ግፊትም ተመልሶ ኩላሊትን ያበላሻል።

ጨጓራ ለምን ይታመማል?

ጨጓራችን ሥጋን የሚፈጭ አሲድ እያመረተ ራሱን አያቃጥልም። ምክንያቱም ውስጡ በዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኗል፤ ግድግዳውም በቂ ደም እያገኘ በየጊዜው ራሱን ያድሳል። ኩላሊት ሲደክም ይህ ጥበቃ በብዙ አቅጣጫ ይሸረሸራል።

ከሽንት ጋር መውጣት የነበረበት ዩሪያ በደም ውስጥ ይበዛል፣ ወደ ምራቅና ወደ ጨጓራ ፈሳሽም ይገባል። እዚያ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል። የኩላሊት ሕመም የጠናበት ሰው ትንፋሹ ሽንት ሽንት የሚሸተው፣ አፉንም ብረት ብረት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። አሞኒያው የጨጓራን ሽፋን ይቆጠቁጣል፤ ሽፋኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይደማል።

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ዩሪያን ወደ አሞኒያ እየለወጠ ነው በአሲድ መካከል የሚኖረው። ይህን ባክቴሪያ በጨጓራ ሕመም ውስጥ ያለውን ድርሻ ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ናቸው። ማርሻል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው በአገራችን በእጅጉ የተስፋፋ ነው። ዩሪያው በበዛ ሰው ጨጓራ ውስጥ ሲገኝ የሚያመነጨው አሞኒያም ይበዛል።

ጋስትሪን መከማቸቱን ቀደም ብለን አይተናል። “ታዲያ አሲዱ በጣም ይበዛል ማለት ነው?” ትሉ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም። አሞኒያ የአሲዱን ኃይል በከፊል ስለሚያረክሰው የአሲዱ መጠን ከሰው ሰው ይለያያል። ለዚህ ነው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ብቻውን እነዚህን ሰዎች የማያሽላቸው። ችግሩ የአሲድ ብቻ አይደለምና።

በዚህ ላይ ጨጓራ ምግብን ወደ አንጀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል፤ በተለይ ስኳር ባለበት ሰው። ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ጠዋት ማቅለሽለሽ፣ ስቅታ የሚመጡት ከዚህም ከዩሪያውም ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ሕዋሳትም ሥራቸው ስለሚዳከም፣ ትንሽ ቁስል ብዙ ይደማል። ደሙን የሚተካው ትእዛዝ በጎደለበት ሰውነት ላይ የሆድ ውስጥ መድማት ሲጨመር ደም ማነሱ በእጥፍ ይሆናል።

በየቤታችን ስላሉት መድኃኒቶች

ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይመረት በመከልከል ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ሁለት ጥቅም አለው። የጨጓራን ሽፋን ይጠብቃል፤ ወደ ኩላሊት የሚወስደውንም የደም ሥር ክፍት ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ ክኒን ጨጓራንም ኩላሊትንም በአንድ ጊዜ ይመታል። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ቢወስደው ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ድክመት ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊወስደው አይገባም። ለእንዲህ ያለ ሰው በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል።

በአሉሚኒየምና በማግኒዚየም የተሠሩት የሚታኘኩና የሚጠጡ የጨጓራ መድኃኒቶችም ኩላሊቱ በደከመ ሰው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ኦሜፕራዞል በሐኪም ሲታዘዝ ጠቃሚ ነው፤ ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ይችላል። ሜትፎርሚንም ኩላሊት በጣም ሲደክም የሚቆም መድኃኒት ነው። መጠኑ የማይታወቅ የቅጠልና የሥር ጭማቂ “ለጨጓራ” ተብሎ ሲጠጣም የሚያጣራው ያው የደከመው ኩላሊት ነው።

እኔ ዛሬ ለጨጓራ መድኃኒት የሚመጣን ሰው ሳልጠይቅ አልሰጥም። “ስንት ጊዜ ሆነዎት? ግፊትና ስኳር አለብዎት? የቁርጥማት መድኃኒት ይወስዳሉ? እግርዎ ያብጣል?” እላለሁ። እናንተም ባለሙያው ባይጠይቃችሁ ራሳችሁ ንገሩት።

በጌዴኦ ማዕድ ላይ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናን፣ ፍራፍሬንና ዛፍን አብሮ የያዘ ነው። ማዕዳችንም ከዚያ ይመጣል። ለጤነኛ ሰው አቮካዶውም ሙዙም መልካም ምግብ ነው። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ግን በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ከደም መውጣት ሊያቅተውና የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በረመዳን የምናፈጥርበት ተምርም ፖታሲየም ይበዛበታል። ማን ምን ያህል ይቀንስ የሚለው በደም ምርመራ ይወሰናል። ድንችና ጎመን ለሚወድ ታማሚ ከትፎ በብዙ ውሃ መቀቀልና ውሃውን መድፋት ፖታሲየሙን ይቀንሰዋል።

ቆጮ ኃይል ሰጪ እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ኩላሊት የደከመበት ሰው ሥጋ ማብዛት የለበትም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ምግቡ ቆጮ የሆነ ሰው በገዛ ፈቃዱ ወተቱንም ባቄላውንም እርግፍ አድርጎ ቢተው ሰውነቱ ይጎዳል። መጠኑን ሐኪም ይንገረው። ጨው ለሁላችንም በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል። “ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ኩላሊትህ ይታጠባል” የሚለው ምክርም እግሩ ላበጠና ሽንቱ ለቀነሰ ሰው አይሆንም። ውሃው መውጫ አጥቶ ሳንባው ላይ ሊጠራቀም ይችላል።

ስለ ጾም

ብዙ እናቶችና አባቶች ሕመማቸውን ደብቀው ይጾማሉ። አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። መዳን የማይጠበቅበት ሕመም ያለበትም ለእያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ያበላል። ዲያሊሲስ ላይ ያለ ወይም ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው በአብዛኛው እንዳይጾም ይመከራል። ሕመሙ ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን መስተካከል አለበትና። ብይኑን ከዑስታዝ፣ የጤናውን ሁኔታ ከሐኪም እንጠይቅ።

ምን እናድርግ?

የጨጓራ ሕመም ያለበት ሁሉ ኩላሊቱ ታሟል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አልታመመም። ነገር ግን የጨጓራ ሕመሙ በሕክምና አልሻል ያለው ሰው፣ ከሚከተሉት አንዱ ካለበት የኩላሊት ምርመራ ይጠይቅ፦

– የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም፤
– የእግር ወይም ጠዋት ጠዋት የዓይን ዙሪያ እብጠት፤
– አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ሽንት፣ ወይም ሌሊት ለሽንት መነሣት መብዛት፤
– መገርጣት፣ ያለ ሽፍታ ሰውነትን ማሳከክ፣ የምግብ ጣዕም መጥፋት፤
– ለወራት የቁርጥማት መድኃኒት መውሰድ፤
– ከቤተሰቡ የኩላሊት ሕመምተኛ መኖር።

ምርመራው ሦስት ነገር ነው። ግፊት መለካት፣ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን ማየት፣ በደም ውስጥ ክሪያቲኒን መለካት። ክሪያቲኒን ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል የሽንቱ ምርመራ አይቅር። ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ጤነኛ ነኝ ብሎ ቢያስብም በዓመት አንድ ጊዜ ይመርመር። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም የቀላቀለ ትውከት፣ የሽንት መቆም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መደናገር ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

ኩላሊት ጨርሶ ከደከመ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ደምን በማሽን የሚያጥበው ዲያሊሲስ በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሆላንዱ ሐኪም ዊለም ኮልፍ የመጀመሪያውን ማሽን በጦርነት መካከል በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሠራ ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል። በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። አልሐምዱሊላህ። ከዲላ አዲስ አበባ ግን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሽኑ ሁሉንም ሆርሞን እንደማይተካም እናስታውስ። ቀድሞ ማወቅ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። በጊዜ የተደረሰበት የኩላሊት ድክመት ግፊትንና ስኳርን በመቆጣጠር፣ ጎጂ መድኃኒቶችን በመተው ለብዙ ዓመታት ሊገታ ይችላል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ ስታጠናቅቁ በቤታችሁ “ያንኑ የጨጓራዬን ግዙልኝ” የሚሉ እናት ወይም አባት ካሉ፣ መድኃኒቱን ከመግዛታችሁ በፊት ግፊታቸውን አስለኩ፣ ሽንታቸውንና ደማቸውን አስመርምሩ። አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድላቸው፣ ለጤነኞቻችንም ጤናቸውን ያቆይልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።